መልስ፦ የሳቫናው የሰረገላ ቤት ይዘለል?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ ሳቫና፣ ጆርጂያ ያለውን የኦወንስ-ቶማስ ቤት የተባለ ታሪካዊ ሙዚየም ልናይ ነው። ጊዜ ስለሌለን ጓሮ ያለውን የሰረገላ ቤት ብንዘለው ምን ይቀርብናል?» ብለሃል። እኔ ብሆን አልዘለውም።

ዋናው ቤት በእርግጥ ያምራል። እ.ኤ.አ. ከ1816 እስከ 1819 የተሠራ ሲሆን ንድፉ የእንግሊዛዊው አርክቴክት የዊልያም ጄይ ነው። ሰውዬው ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበር! ደረጃውን ስትወጣ የፎቁን ፊትና ኋላ የሚያገናኝ ድልድይ ታያለህ። አዎ፣ ቤት ውስጥ ድልድይ። የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ለመታጠቢያና ለሽንት ቤት የሚያደርስ የቧንቧ መስመርም ነበረው።

ግን ይህን ሁሉ ማን ያንቀሳቅሰው ነበር? መልሱ ጓሮ ነው። የሰረገላ ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በአንዱ ወገን ፈረሶቹና ሰረገላው፣ ከላያቸው ድርቆሽ። በሌላው ወገን በባርነት የተያዙት ሰዎች ይኖሩ ነበር። የጋጣው ሽታና ዝንብ ከሳሎን ይርቃል፤ ሠራተኞቹ ግን ከጌታው ዓይን አይርቁም። ንድፉ ሆን ተብሎ የታሰበበት ነው።

እዚያ ስትገቡ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። የቆየ ሰማያዊ ቀለም አለ። በአካባቢው የጥቁሮች እምነት ይህ ቀለም ክፉ መንፈስ ያባርራል ይባላል።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የተከረከመ አትክልት እንዳያታልላችሁ። ኋላ የመጣ ነው፤ ያኔ የሥራ ግቢ ነበር።