ከቱሉ ዲምቱ 38 ጊጋባይት መላክ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዲስ አበባ ዳር ካለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆነሽ ውጭ አገር ላለ ስቱዲዮ የቪዲዮ ኤዲቲንግ የሙከራ ሥራ እንደጀመርሽ፣ የ38 ጊጋባይት ፋይል በብሮውዘር ስትልኪ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ከዜሮ እንደተጀመረ፣ የማስረከቢያው ቀንም እንዳለፈብሽ ጽፈሽልኛል። የጠየቅሽኝ የትኛው የመላኪያ ድረ ገጽ እንደሚሻልሽና ለዚህ ሥራ ስትዪ መሀል ከተማ ቤት መከራየት ይኖርብሽ እንደሆነ ነው።

ቤት ለመከራየት አትቸኩዪ። አስቀድመሽ የመስመርሽን ልክ እወቂ። የፍጥነት መለኪያ ገጾች የሚያሳዩሽ ቁጥር በሜጋቢት ነው፤ የፋይልሽ መጠን ደግሞ በባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ማየት ያለብሽም የመጫኛውን (አፕሎድ) ፍጥነት ነው፤ የማውረጃው ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምሽም። መጫኛው በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ 38 ጊጋባይት አንዴም ሳይቋረጥ ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ያህል ሰዓት መብራትም ኔትወርክም ሳይጠፋ ማደሩን መሀል ከተማ ያለ ቤትም ዋስትና አይሰጥሽም። ስለዚህ በእኔ እምነት የመጀመሪያው መለኪያ ሲቋረጥ ካቆመበት መቀጠል መቻሉ ነው፤ ስንት ጊጋባይት እንደሚቀበል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ራስሽ ፈትኚው። 2 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል መጫን ጀምሪና ግማሽ ሲደርስ ራውተሩን አጥፊው፤ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ አብሪው። መቶኛው ከነበረበት ተነሥቶ መቁጠር ከጀመረ፣ የላፕቶፕሽ ባትሪ እስካለ ድረስ አጭር የመብራት መጥፋት አይጎዳሽም ማለት ነው። ቀጥለሽ ታቡን ዝጊና እንደገና ከፍተሽ ያንኑ ፋይል ምረጪ፤ ይህ ፈተና ከፊተኛው ይከብዳል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን የሚነግርሽ ግን እሱ ነው። በሙከራው ጊዜ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዳይተኛ ማስተካከልሽን አትርሺ።

ስዊስትራንስፈር የሚባለው የፋይል መላኪያ ድረ ገጽ ያለ ምዝገባ በነጻ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ሊንኩ ቢበዛ በ30 ቀን ያበቃል። ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይልሽና ፎቶዎችሽ ስለሚጋሩት ለፋይልሽ አይበቃም፤ ተጨማሪ ቦታ ለመግዛት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ሊያስፈልግሽ ይችላል። እንደ ቶፊሼር ያሉት ፋይሉን ሰርቨር ላይ ሳያስቀምጡ ከብሮውዘር ወደ ብሮውዘር በቀጥታ ስለሚያሻግሩ የመጠን ገደብ የለባቸውም፤ ሆኖም የላኪውም የተቀባዩም ገጽ እስከ መጨረሻው ክፍት መሆን ስላለበት፣ አንቺ ስትነቂ ለሚተኛ አሠሪ አልመክራቸውም። ዋናውን ቅጂ ምንጊዜም ሃርድ ዲስክሽ ላይ አቆዪ፤ መላኪያ ድረ ገጾች ሊዘጉ ይችላሉና፤ ብዙ ሰው ይወደው የነበረው ፋየርፎክስ ሴንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2020 ተዘግቷል።

የትኛውንም ብትመርጪ ፋይሉን ከፋፍለሽ ላኪው። ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በ2 ጊጋባይት ብትቆርጪው 19 ቁራጭ ይሆናል፤ ቪዲዮ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ እንደገና ለማመቅ ጊዜ አታባክኚ፣ ሳይታመቅ እንዲቆረጥ ብቻ እዘዢው። ቁራጮቹን ለየብቻ ከላክሻቸው፣ መብራት ቢጠፋ የምታጪው እየተጫነ የነበረውን አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አስቀምጦ የመጀመሪያውን በሰቨን ዚፕ ሲከፍት ፋይሉ ይገጣጠምለታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አሠሪውን ጠይቂ። ብዙ ስቱዲዮዎች ሥራ የሚረከቡበት የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ገና ያልወጣ ሥራቸውን ባልፈቀዱት ድረ ገጽ ላይ መጫን ደግሞ እምነት ያሳጣሻል። ዋናው ፋይል መንገድ ላይ እያለም መጠኑ የቀነሰ የዕይታ ቅጂ አዘጋጅተሽ ላኪላቸው፤ እስከ 2 ጊጋባይት ከሆነ ቴሌግራምም ይወስደዋል፤ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው፣ አለዚያ ጥራቱን ይቀንስብሻል።

ቀኑ ስላለፈብሽ ማፈርሽ ይገባኛል። እኔም ሠራተኛ በምቀጥርበት ጊዜ ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሰውየው ዝምታ ነበር። ስለዚህ ዛሬውኑ የሆነውን በሁለት መስመር ንገሪያቸውና ይህን የመሰለ መልእክት አስከትዪ፦ «ፋይሉ በ19 ክፍል እየተጫነ ነው፤ 11ዱ ገብተዋል፤ ቀሪዎቹ ነገ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃሉ፤ የዕይታው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።» ቁጥሮቹን እንደ ደረሽበት ቀይሪያቸው፤ የምትሰጫቸውን ሰዓት ግን ከለካሽው የመስመርሽ ፍጥነት ተነሥተሽ፣ መብራት ሊጠፋ የሚችልበትንም ጨምረሽ አስዪው።