ከሐምሌ 1 በፊት

ልጆቼ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲና በመልኮ የምርምር ማዕከል ለምትሠሩ፣ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ላላችሁ በአንድ ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድኩ፤ ጉዳዩ የሁላችሁም ነውና። ለወጣት የቡና አርሶ አደሮች የተሰጠን ድጋፍ የሚመዝን ጥናት መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ስህተት ስላለበት ሳይሆን ስለዘገየ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ግን ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት ተረቅቆ ያልቃል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ቀን ጠብቃችሁ ሰኔ ላይ ውጤት ብታመጡ ገንዘቡ ተደልድሏል። ደግነቱ የቡናው ወቅት ያግዛችኋል። በማናና በጎማ ወረዳዎች ለቀማው ታኅሣሥ አካባቢ ይገባደዳል፤ ጥር ላይ ብትጠይቁ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ወጣቱም በስንት እንደሸጠ አልረሳም። መጋቢት ላይ ለወረዳው ሁለት ገጽ ስጡ። ሙሉው ጽሑፍ ቆይቶ ይምጣ።

መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ግን፣ ጥቅምት ሳያልፍ፣ ከሚወስነው ሰው ጋር ተቀመጡ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ፣ አበዳሪው ተቋም፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ ከተደራጁት ወጣቶችም ሁለት ሦስት ይኑሩ። «ድጋፉ ጠቅሟል ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አልጠቀመም የሚል አይገኝም። «ለመጪው ዓመት ምን ልትወስኑ ነው?» በሉ። ችግኝ ማደሉ ይቀጥል ወይስ ገንዘቡ ወደ ቡና ማድረቂያ አልጋ ይዙር? ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ይህን፣ እንዲያ ከሆነ ያንን እናደርጋለን ተብሎ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ይፈረምበትም። ያለዚያ የማያስደስት ውጤት ስታቀርቡ «ናሙናው ትንሽ ነው» የሚል መልስ ይጠብቃችኋል።

ልኬቱ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «ስንት ኪሎ ቡና አገኘህ?» የሚል ጥያቄ አትጠይቁ። አንዱ እሸቱን (ገና የተለቀመውን ቀይ ፍሬ)፣ አንዱ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን)፣ ሌላው የተፈለፈለውን ይነግራችኋል፤ 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ደግሞ 6 ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። በፈረሱላ ለሚመልስላችሁ 17 ኪሎ ብላችሁ አስሉ። ሌላው፣ ቡና አንድ ዓመት ብዙ ፍሬ ይሸከማል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። ከድጋፉ በፊት ያረፈበት፣ ከድጋፉ በኋላ የተሸከመበት ዓመት ቢገጥም ጭማሪው ሁሉ የድጋፉ ይመስላል። ስለዚህ አመልክተው ተራ ያልደረሳቸውን የዚያው ቀበሌ ወጣቶች አብራችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል ሁለት ለቀማ ተከታተሉ። ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል፤ እስከዚያው ገቢ ሳይሆን ስንቱ እንደጸደቀ ቁጠሩ።

የወረዳው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚይዘው ያልፈረሱትን የወጣት ማኅበራት ነው። የፈረሱትን፣ ወደ ጅማ ከተማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄዱትን አባላት ካልፈለጋችሁ የተሳካላቸውን ብቻ መዘናችሁ ማለት ነው። ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ብድሩ በስሟ ወጥቶ ቡናውን ሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላልና።

ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ መዝገቡን ሳትመርጡ ለአጥኚዎቹ ስጡ። የፈረሰ ማኅበር ሲደበቅ የሚጎዳው በመጪው ዓመት የሚደራጀው ልጅ ነው፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል። ኃላፊ ደግሞ ይዛወራል። ጥቅምት ላይ የተፈረመው ገጽ በኃላፊው እጅ ብቻ እንዳይቀር አንዱ ቅጂ የዕቅድ ባለሙያው ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ውጤቱም ቀበሌ ላይ በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ የሰሙት ወጣቶች ራሳቸው ያነሱለታል።