በሦስተኛው ቀን ለምትመለሰው ወንድሜ

«12 ዓመት አጨስኩ፤ ሦስት ጊዜ ለማቆም ሞክሬ ሁልጊዜ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ወኔ የለኝም ማለት ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አይደለም። እኔ 19 ዓመት አጭሼ፣ በሰፈር «ጭሱ» እየተባልኩ ኖሬ፣ ካቆምኩ አምስት ዓመት ሞላኝ።

1. ቀን ቁጠር። ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዡ ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም፤ ከደም ውስጥ ግን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የጠዋቷ ሲጋራ የምትጥመው ለዚህ ነው፤ የምታረካው ራሷ ያመጣችውን ጥም ነው። ብስጭቱና እንቅልፍ ማጣቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። አንተ የምትሸሸው ሊነጋ ሲል ነው።

ይህን የነገረኝ ሐኪም እንዳይመስልህ። ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቄ ስገባ፣ ባለሙያው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ቆርጦ መተው ነው እንጂ ለዚህም ካርድ ይወጣል?» አለኝ። የካርዱ ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል። ወጥቼ በሩ ላይ ካለው ሱቅ አንድ ፍሬ ገዝቼ ለኮስኩ።

2. ሲጋራ ለማቆም የሚረዳውን የኒኮቲን ማስቲካ ካገኘህ መጀመሪያ አጠቃቀሙን አንብብ። እኔ ንባብ ንቄ፣ እህቴ ከዋሽንግተን የላከችልኝን እንደ ተራ ማስቲካ አላመጥኩት፤ ያውም ከቡና ጋር! ምራቁን ስውጥ ጨጓራዬ ተቃጠለ፣ ስቅታ ያዘኝ፤ አምሮቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት ፓኮ ጨርሼ «ማታለያ ነው» ብዬ ስምንት ወር ተጨማሪ አጨስኩ። ለካ ጥቂት ታኝኮ አፍ መለብለብ ሲጀምር በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ ነበረብኝ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ውስጥ ነው። ቡና ደግሞ አፍን ያኮመጥጥና መንገዱን ይዘጋበታል፤ ማስቲካው ከመታኘኩ 15 ደቂቃ በፊትም ሆነ እየታኘከ አይጠጣም።

ቡናን ካነሣሁ አይቀር፦ የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራውን ስትተው ያው የለመድከው ሦስት ስኒ እንደ አምስት ይሆንብሃል። እኔ ልቤ ሲመታ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ «የጎደለኝ ሲጋራ ነው» እል ነበር። አቦሉን ብቻ ጠጥቼ መነሣት ስጀምር ሰከንኩ። እናቴ ግን ቶናና በረካውን ጥዬ መነሣቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።