አንድ አስተርጓሚ ቀኑን ሙሉ ይችላል?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ለቡና አቅራቢዎች የሙሉ ቀን ሥልጠና እያዘጋጀን ነው። መስማት የተሳናቸው 3 ሠልጣኞች አሉን። አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ሁለት ቅጠሩ። በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየራሉ። ከዚያ ካለፈ ከእጅ ይልቅ አእምሮ ይደክማል፤ አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገር ይዘላል፣ ራሱም አያስተውለውም። ያረፈውም ሥራ ፈት አይደለም፣ ያመለጠ ቁጥር ያቀብላል። የሚያስተረጉመው ከአሠልጣኙ ጎን ይቁም፤ ከጀርባው መስኮት ካለ ፊቱ ይጨልማል፣ በምልክት ቋንቋ ደግሞ ፊት የሰዋስው አካል ነው። ለፕሮጀክተር ብላችሁ መብራት አታጥፉ። የሥልጠናውን ጽሑፍ ከ2 ቀን በፊት ለአስተርጓሚዎቹ ስጡ። እንደ «ጀንፈል» (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ባሉ ቃላት ምልክት ላይ ከሠልጣኞቹ ጋር ካልተስማሙ ቃሉን ፊደል በፊደል በጣት ምልክት መጻፍ ግድ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይበላል። አሠልጣኙ አፋን ኦሮሞ የሚቀላቅል ከሆነ (ጅማ ላይ መቼ ይቀራል!) ሁለቱንም የሚሰማ አስተርጓሚ ፈልጉ። አሠልጣኙም «ንገራቸው» ማለቱን ትቶ ሠልጣኞቹን እያየ ይናገር።