"ቆረብሽ ወይ?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። አባቴ ሲታመም ጠበል አስጠመቅኩት፣ ተሳልኩ፣ ለመንኩ። አረፈ። ከዚያ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጸሎት አልወጣ አለኝ። አልቆርብም። በዐቢይ ጾም ቢሮ ውስጥ ተደብቄ እንቁላል ሳንድዊች እበላለሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ ግን "አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ" ይሉኛል። ለምን አልቆረብሽም ሲሉኝ ወር አበባዬን አሳብባለሁ። ሁለት ዓመት በአንድ ሰበብ እስከ መቼ? ልንገራቸው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰበቡ ላይ ስደርስ ፈገግ አልኩ፣ ይቅር በይኝ። ቀጥዬ ግን ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። የጻፍሽልኝ ስለ ጾም ነው፣ እኔ ያነበብኩት ግን ሐዘን ነው። አርባው ሲወጣ "የእግዜር ፈቃድ ነው፣ አታልቅሺ" ያሉሽ ብዙ ይሆናሉ። በእግዜር ተቀይመሽ እንደሆነ የጠየቀሽ ሰው አለ? እየቆምሽ የምትዘምሪው ዳዊት ራሱ "እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" ይላል። ስለዚህ ዝምታሽን "እምነቴ አልቋል" ብለሽ ለመተርጎም አትቸኩይ።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። በ1993 እ.ኤ.አ. ዲቦራ ፕሬንቲስ እና ዴል ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ መጠጥ ጠይቀው ነበር። ተማሪዎቹ በአማካይ በግቢው የመጠጥ ልማድ እነሱ ከሌላው ይበልጥ የሚሳቀቁ፣ ሌላው ግን የተመቸው ይመስላቸው ነበር። ሁሉም በሆዱ ይዞ ሁሉም ዝም ይላል። ነገሩ መጠጥ ቢሆንም አንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥም አይቼዋለሁ። ሦስቱም እንዳንቺ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን "ጠንካራ ነሽ" የምትልሽ ልጅ አንቺን እያየች "እኔ ብቻ ነኝ ደካማ" ትል ይሆናል።

ምስጢር ደግሞ የሚጎዳው በምትደብቂባት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ማይክል ስሌፒያን እና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከደህንነት ስሜት መቀነስ ጋር ይበልጥ የተያያዘው ብቻችንን ስንሆን አእምሯችን ወደ ምስጢሩ መመላለሱ ነው። "ወር አበባዬ ነው" ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ሳምንቱን ሙሉ የሚያብሰለስልሽ ሌላው ነው።

ስለዚህ ንገሪ፣ ግን ለአንዷ ብቻ። የምትቀርቢያትን ሳይሆን፣ የሌላ ሰው ገመና ይዛ መጥታልሽ የማታውቀውን ምረጪ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ አይሁን፣ በቴሌግራም ግሩፕማ ጭራሽ። እየተራመዳችሁ ቢሆን ይቀላል፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። እንዲህ በያት፦ "አባቴ ከሞተ ጀምሮ መጸለይ አቅቶኛል። ስትጠይቁኝ ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅርታ። እንድትመክሪኝ አይደለም፣ እንድታውቂልኝ ነው።" የመጨረሻዋን አትዝለያት። እኛ ሰው ሲያዝን ዝም ብሎ መስማት አንችልም፣ ወዲያው "ጠበል ግቢ" ነው። ብትልሽም ከቅን ልብ ነውና "እሺ፣ አስብበታለሁ" ብለሽ እለፊ።

ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ውሸቱ ብቻ ነው። ስለ ሐዘንሽ ለማንም አትጠይቂ። የኃጢአት ዝርዝርም አታቅርቢላት፣ ኑዛዜ የንስሐ አባትሽ ድርሻ ነው፣ እሳቸውም በሥርዓቱ ምስጢር ጠባቂ ናቸው። ሁለቱን ካቀላቀልሽ ጓደኛሽን የማትችለውን ታሸክሚያታለሽ።

የቀሩት ሁለቱ "ቆረብሽ?" ሲሉሽ "አይ፣ አልቆረብኩም" በቂ ነው። ምክንያት አትጨምሪ። መጀመሪያ ላይ አፍሽ ውስጥ ይተናነቅሻል፣ በሦስተኛው ይለመዳል። መዝሙሩን ልተው ወይ የሚለውን ውሳኔ አሁን አትወስኚ። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ሥራም ካቃተሽ ግን ባለሙያ ጋ ቶሎ ሂጂ።

ልጅቷን ስታገኚያት ከአባትሽ ጀምሪላት። ምን ይወድ እንደነበር፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን እንዳለሽ። የእንቁላሉን ነገር ኋላ ትደርሺበታለሽ።