መልስ፦ አዲሱ የደህንነት ደንብ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኖችን ያዘጋል ወይ?

ኦሻ (የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) በ2024 ያቀረበው ረቂቅ ደንብ ትንንሾቹን ቡድኖች ያዘጋል ወይ ላልከው፣ እንዳለ ከጸደቀ አንዳንዶቹን አዎ፣ እሰጋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስቴትህን አጣራ። ፌዴራሉ ኦሻ የስቴትና የከተማ ሠራተኞችን በቀጥታ አይቆጣጠርም። የራሱ የሥራ ደህንነት ፕላን ያለውና በጎ ፈቃደኛን እንደ ሠራተኛ የሚቆጥር ስቴት ውስጥ ከሆንክ ግን ደንቡ እናንተም ጋ ይደርሳል።

ወጪው ልብስ ብቻ አይደለም። እርግጥ የአንድ ሰው ሙሉ መከላከያ ልብስ በሺዎች ዶላር ነው፣ የኤንኤፍፒኤ (የእሳት ደህንነት መስፈርቶችን የሚያወጣው የአሜሪካ ማኅበር) መስፈርት ደግሞ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላውን ከሥራ አውጡት ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ለሥልጠና የሚመጣን ሰው በላዩ ላይ ደንቡ የሚጠይቀውን የአደጋ ግምገማና የጽሑፍ እቅድ አዘጋጅ ስትለው ይሰለቻል፣ ይቀራል።

ደንቡ የሚጠይቀው የጤና ምርመራ ላይ ግን ባትከራከሩ ደስ ይለኛል። በሥራ ላይ ከሚሞቱት የአሜሪካ እሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙዎቹን የሚወስደው እሳቱ ሳይሆን የልብ ሕመም ነው። ቢወደድም ይደረግ። ለመሣሪያው የፌማን (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የእሳት አደጋ ድጎማ ሞክሩ፤ ከራሳችሁም መዋጮ ይጠይቃል፣ ማመልከቻውም አድካሚ ነው፣ ስለዚህ ከጎረቤት ቡድን ጋር አብራችሁ አመልክቱ።