ከበሽተኛው አጠገብ ለቆመው ሰው

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን አንድ የሕክምና ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ምስሉን ዓይኔ ሥር የሚያመጣ የቪአር መነጽር አድርጌ፣ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከዚህ ሆኜ ገጠር ያለ በሽተኛ በሮቦት ኦፕራሲዮን ባደርግስ?» አለኝ። ይቻላል አልኩት። ጳጉሜ 2 ቀን 1993 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጦ፣ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴት ሐሞት ከረጢት በሮቦት አውጥቷል። እጁን አንቀሳቅሶ ምስሉ እስኪመለስለት የነበረው መዘግየት 155 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ያልነገርኩትን እነሆ እጽፍለታለሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት፣ ከሩቅ ወረዳ ተደወለልኝ። አንድ ጠቅላላ ሐኪም አንጀቱ የተጠማዘዘበትን ገበሬ ሆድ ከፍቷል። ስልኩ ያለው ቢሮ ውስጥ ስለነበር፣ አንዲት ነርስ በኮሪደሩ እየሮጠች የሱን ቃል ለእኔ፣ የእኔን ለሱ ታመላልሳለች። የእኛ መዘግየት የእሷ እርምጃ ነበር፤ ሄዳ እስክትመለስ የጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል።

«ፈታሁት ይላል፣ ዶክተር።»

«መልኩስ?»

ሄደች፤ ተመለሰች። «ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ቀላ ያለ ይመስለኛል ይላል።»

«እንግዲያው መልሶ ይዝጋው» አልኩ። ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኝ ነበር። አንጀቱ ይሞቃል? ከጣቱ ሥር የደም ሥሩ ይመታል? ቆንጠጥ ሲያደርገው ይኮማተራል? አንጀቱ በሕይወት መኖሩን የሚነግሩትን እነዚህን አልጠየቅኩም። ገበሬው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ ደውሎ «ያሉኝን አድርጌያለሁ» አለኝ። አልወቀሰኝም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው። የነርሷን ስም እንኳ አላውቅም።

አሁን ካሜራው መልኩን አጥርቶ ያሳያል። አብዛኞቹ ሮቦቶች ግን እጅ የሚዳስሰውን አይመልሱም፤ የምትሰፉበት ክር ምን ያህል እንደጠበቀ የምትገምቱት በዓይን ነው። የቪአር መቆጣጠሪያው መዳፋችሁ ውስጥ ቢንቀጠቀጥም፣ ያ ንዝረት የአንጀትን ሙቀት አይነግራችሁም።

የዛሬ ልጆች ጣታችሁ ፈጣን ነው፤ እስክሪን እያያችሁ ሁለት እጃችሁን ታዛላችሁ፤ እኔ ይህን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሆድ ዳስሱ ስትባሉ ግን አልትራሳውንድ ታስቀድማላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ያን ሌሊት ግን አንድ ካሜራ በኖረን ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ስትራስቡርግም ቢሆን ከበሽተኛዋ አጠገብ ሐኪሞች ቆመው ነበር። እናንተም ከሩቅ ስታክሙ እዚያ የቆመውን ሰው ስሙን ጠይቁት። ከዚያ «እጅህን አስገባ፣ ምን ይሰማሃል?» በሉት። ቢንተባተብም ጠብቁት።